ሜጋሬይድ 9361-8አይ ከ14 ወር በኋላ፦ ሰርቨሩ ሲንቀረፈፍ ካርዱ የማይነግራችሁ ነገር

ይህ የሬይድ ካርድ፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ የሚያሠራ ካርድ፣ 14 ወር ሙሉ የሠራው አዲስ አበባ በሚገኝ ቢሮ፣ ራክ ላይ በተገጠመ ሰርቨር ውስጥ ነው። የሚያስተዳድረው ስምንት ባለ 4 ቴራባይት የሳስ ዲስክ (ለሰርቨር የሚሠራ የዲስክ ዓይነት) ሲሆን ሁሉም በደቂቃ 7,200 ዙር የሚሽከረከሩ ናቸው። በላያቸው ኡቡንቱ ሊኑክስ፣ የሂሳብና የመጋዘን ሥራ የሚሠራበት የፖስትግሬስ ዳታቤዝና የቢሮው የጋራ ፋይሎች ይገኛሉ። ካርዱ 1 ጊጋባይት ካሽ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማቆያ ሜሞሪ፣ አለው። ስምንቱ ዲስኮች የሚገናኙት በሁለት መሰኪያ ነው፤ እያንዳንዱ መሰኪያ አራት አራት ይይዛል። ካሽቮልት የሚባለው፣ መብራት ሲጠፋ ካሹ ውስጥ ያለውን መረጃ የሚያድነው ክፍል፣ ማለትም ካፓሲተሩና ፍላሽ ሜሞሪው፣ ለብቻው ይገዛል። ካርዱን ያለ እሱ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር፣ ካርዱ ጠንካራ ነው፣ እንደገና ቢገዛም አያስቆጭም። ዋናው ጉድለቱ ዝምታው ነው። ዲስክ ሲወድቅ ይጮኻል፤ ፍጥነቱን ሲቀንስ ግን መዝገቡ ላይ ጽፎ ዝም ይላል። ሊኑክስ በበኩሉ ስምንቱን ዲስክ አያያቸውም፤ ለእሱ ያለው አንድ ትልቅ ዲስክ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሲስተሙ ተንቀራፈፈ» የሚል ስልክ ሲደወል የተለመደው ግምት ዳታቤዙ ወይም ኔትወርኩ ላይ ያርፋል፤ ዲስኮቹ የሚታዩት ብዙ ቀን ከባከነ በኋላ ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ካሹ ነው። ካርዱ በሁለት መንገድ ይጽፋል። ራይት ባክ ሲሆን መረጃው ካሹ ውስጥ እንደገባ «ተጽፏል» ብሎ ይመልሳል፣ ወደ ዲስክ የሚያወርደው በኋላ ነው። ራይት ትሩ ሲሆን ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ያስጠብቃል። ካፓሲተሩ ሲደክም፣ ገና ሳይሞላ ሲቀር ወይም ገመዱ ሲላላ ካርዱ በራሱ ጊዜ ከራይት ባክ ወደ ራይት ትሩ ይወርዳል። መብራት ቢሄድ ካሹ ውስጥ ያለውን ማዳን ስለማይችል ትክክለኛውን ነገር ማድረጉ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያየው ግን ትናንት ይበር የነበረ ሰርቨር ዛሬ ሲጎተት ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። በደቂቃ 7,200 የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ8.3 ሚሊሴኮንድ ነው፤ የግማሽ ዙር ጥበቃው 4.2 ይሆናል። የማንበቢያው ክንድ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሲጨመር፣ ቦታው ለተበታተነ ሥራ አንድ ዲስክ የሚሰጠው በሴኮንድ 75 ወይም 80 ክንውን ነው። ስምንቱ ተደምረው 600 ገደማ። ሬይድ 6 በሚባለው የዲስክ ማጣመሪያ ስልት ግን አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ስድስት ክንውን ትጠይቃለች፦ የቀድሞውን መረጃና ሁለቱን ፓሪቲ (ዲስክ ሲወድቅ የጠፋውን መልሶ ለማስላት የሚያገለግል ተጨማሪ መረጃ) ማንበብ፣ ከዚያ ሦስቱንም መልሶ መጻፍ። 600 ለስድስት ሲካፈል ለጠቅላላው ሰርቨር በሴኮንድ 100 ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። ሬይድ 5 አራት ክንውን ይጠይቃልና 150 ይሰጣል፣ እያንዳንዱን መረጃ ሁለት ዲስክ ላይ የሚጽፈው ሬይድ 10 ደግሞ ሁለት ብቻ ስለሚጠይቅ 300። ይህን ድህነት የሚሸፍነው ራይት ባክ ነው፤ ትንንሾቹን ጽሑፎች አጠራቅሞ፣ ጎረቤታሞቹን አጣምሮ በአንድ ጊዜ ያወርዳቸዋል። ካሹ ሲጠፋ ድህነቱ ይገለጣል።

ማረጋገጫው አጭር ነው። ስቶርሲኤልአይ በሚባለው የካርዱ ማዘዣ የአሬዩን (ካርዱ ያጣመራቸውን ዲስኮች) ዝርዝር አውጡና የካሽ ዓምዱን አንብቡ። መሀሉ ላይ «ደብሊውቢ» ካለ ራይት ባክ ነው፣ «ደብሊውቲ» ካለ ራይት ትሩ። የተመረጠው አሠራርና አሁን እየተሠራበት ያለው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አትርሱ፤ ምርጫው ራይት ባክ ሆኖ ሥራው ራይት ትሩ ከሆነ ችግሩ ካፓሲተሩ ጋ ነው። ቀጥሎ የካሽቮልቱን ዝርዝር ጠይቁ። ሁኔታው «ኦፕቲማል» መሆን አለበት፣ «መተካት ያስፈልጋል» የሚለው መስመር ላይ «ኖ» መነበብ አለበት፤ የሙቀቱንና የካፓሲታንሱን (ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅሙን) ቁጥር በየወሩ መዝግቡ። ቁጥሩ ሲወርድ አስቀድሞ ስለሚታይ አዲሱን ካፓሲተር ለማስመጣት ጊዜ ይሰጣል። እዚህ አገር ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ቦታ ሌላም ነገር አለ። ዩፒኤሱ ሳይችል ቀርቶ ሰርቨሩ ከጠፋ፣ ሲነሣ ካፓሲተሩ እንደገና እስኪሞላ ድረስ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ እስከዚያው ካርዱ በራይት ትሩ ይሠራል። ጧት ቢሮ እንደተከፈተ ሲስተሙ እየተንፏቀቀ፣ ትንሽ ቆይቶ በራሱ የሚስተካከል ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። መፍትሔው የዩፒኤሱን ባትሪ መቀየር ነው። «ሁልጊዜ ራይት ባክ» የሚለውን ምርጫ መጫን ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው፤ ፍጥነቱ ወዲያው ይመለሳል፣ ካፓሲተሩ ባዶ ሳለ መብራት ሲሄድ ግን ካሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ዳታቤዙም ይበላሻል። በተመሳሳይ ምክንያት የዲስኮቹን የየራሳቸውን ካሽ አጥፉት። እሱን ካፓሲተሩ አይጠብቀውም።

ፍጥነት ሲለካ ስሕተት ይበዛል። «ዲዲ» በሚባለው ትእዛዝ አንድ ፋይል ጽፎ «በሴኮንድ 1 ጊጋባይት አገኘሁ» ማለት የሰርቨሩን ራም መለካት ነው። ፊዮ የሚባለውን የዲስክ ፍጥነት መለኪያ ተጠቀሙ፤ 4 ኪሎባይት ብሎክ፣ የተበታተነ ጽሑፍ፣ ወረፋው 32፣ «ዳይሬክት» 1 ሆኖ (የሰርቨሩን ራም አልፎ እንዲጽፍ)፣ 50 ጊጋባይት የሙከራ ፋይል ላይ፣ 600 ሴኮንድ። ጊዜው የረዘመው በምክንያት ነው። በሴኮንድ 10,000 የ4 ኪሎባይት ጽሑፍ ማለት 40 ሜጋባይት ነው፤ ባለ 1 ጊጋባይቱ ካሽ በ25 ሴኮንድ አካባቢ ይሞላል። ሙከራው 10 ሴኮንድ ብቻ ከሆነ ካሹን ለካችሁ እንጂ ዲስኮቹን አልነካችሁም። የ600 ሴኮንዱን ግራፍ ስታዩ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ሄዶ፣ ካሹ ሲሞላ ቁልቁል ወርዶ ይረጋል፤ የአሬዩ እውነተኛ አቅም የረጋበት ቁጥር ነው። ፊዮን ፋይል ላይ እንጂ በቀጥታ ዲስኩ ላይ አታስጽፉት፣ ያለውን መረጃ ይደመስሳል።

አዮስታት በሚባለው የሊኑክስ የዲስክ መከታተያ ትእዛዝ ላይ የሚታየው ቁም ነገር የጽሑፍ ጥበቃው ነው። ራይት ባክ በደህና ሲሠራ፣ በመካከለኛ ጫና፣ ከ1 ሚሊሴኮንድ በታች ይውላል፤ በደርዘን የሚቆጠር ሚሊሴኮንድ ከሆነ ካሹ ሞልቷል ወይም ጠፍቷል። የመቶኛ አጠቃቀሙን ቁጥር አትመኑት። ለአንድ ዲስክ የተሠራ መለኪያ ስለሆነ ስምንት ዲስክ በትይዩ ሲሠራ 100 ቢያሳይም አሬዩ ገና አቅም ሊኖረው ይችላል።

ካሹ ደህና ሆኖ ዝግታው ከቀጠለ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የታመመ ዲስክ ነው። የሞተ ዲስክ ችግር የለውም፤ ካርዱ አውጥቶ ይጥለዋል፣ ይጮኻል፣ ይቀየራል። አስቸጋሪው ያልሞተው ነው። አንድ ሴክተር (የዲስኩን ትንሽ ቁራጭ) ማንበብ አቅቶት ደጋግሞ ይሞክራል፣ በመጨረሻም ይሳካለታል፤ ካርዱ «ደህና» ይለዋል፣ ሰባቱ ጓደኞቹ ግን እሱን ሲጠብቁ ይቆማሉ። ከሰርቨሩ ፊት ለፊት ቆሞ የዲስኮቹን መብራቶች ማየት እዚህ ላይ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይፈጥናል። ጤነኛ አሬይ በጫና ላይ ሲሆን ስምንቱም መብራት አብረው ይርገበገባሉ። የታመመ ካለ ሁሉም ቀጥ ይላሉ፣ የአንዱ ብቻ ሳይጠፋ በርቶ ይቆያል፣ ከዚያ ሁሉም እንደገና ይቀጥላሉ። ያንን ማስገቢያ ቁጥሩን ያዙት።

ማረጋገጫው ሁለት ነው። በስቶርሲኤልአይ የእያንዳንዱን ዲስክ የሚዲያ ስሕተት፣ የሌሎች ስሕተቶችና የውድቀት ትንበያ ቆጣሪዎች ተመልከቱ። ከዚያ የዲስክ ጤና በሚጠይቀው ትእዛዝ፣ በስማርትሲቲኤል፣ መሣሪያው «ሜጋሬይድ» መሆኑንና የዲስኩን መለያ ቁጥር ገልጻችሁ፣ አንድ በአንድ ጠይቁ። ሳስ ዲስክ ላይ ያደገውን የብልሽት ዝርዝር (ከሥራ በኋላ የተበላሹ ቦታዎችን)ና ያልታረሙ ስሕተቶችን እዩ። ከሚዲያ ስሕተት ይልቅ «ሌሎች» የሚለው ብቻ እየጨመረ ከሆነ ዲስኩን ከመጣል በፊት ኬብሉን ነቅላችሁ ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ሰኩት፤ የዲስኩ የግንኙነት ፍጥነትም መሆን ከሚገባው ዝቅ ብሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰበብ ነው። ዲስኩ ራሱ መሆኑ ከተረጋገጠ ባክአፑን አረጋግጣችሁ፣ የቀሩት ጤነኞች መሆናቸውን አይታችሁ፣ ከመስመር አውጡት። ፍጥነቱ በዚያው ቅጽበት ከተመለሰ ጥርጣሬው ልክ ነበር። አዲሱ ዲስክ ሲገባ 4 ቴራባይት በሴኮንድ 150 ሜጋባይት እየተጻፈ እንኳ ከ7 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ሰርቨሩ ሥራ ላይ እያለ ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል። ካርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ለዚህ ሥራ የሚመድበው 30 በመቶ ነው። ቀን ላይ ዝቅ፣ ማታ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ዝግታ የካርዱ የራሱ ፍተሻ ነው። ፓትሮል ሪድ (ዲስኮቹን እያነበበ ብልሽት የሚፈልገው ፍተሻ) እና የፓሪቲ ማመሳከሪያው በየ168 ሰዓቱ፣ ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት 9 ሰዓት እንዲጀምሩ ተደርገው ይመጣሉ። የካርዱ ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የተያዘ ከሆነ ግን ያ ሌሊት 9 ሰዓት ለእኛ ጧት 12 ሰዓት ነው፤ ትልቅ አሬይ ላይ ደግሞ ፍተሻው ለሰዓታት ይዘልቃል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ቢሮ መሀሉ ላይ ይገባል። አጥፍቶ መገላገል አያዋጣም፣ የተደበቀ ብልሽት የሚገኘው በእሱ ነው። ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ እንዲጀምር አድርጉት፤ ማመሳከሪያውን ደግሞ በወር አንድ ጊዜ፣ በሌላ ሳምንት።

ሙቀትና አቧራን በተመለከተ፣ ካርዱ ቢያንስ በደቂቃ 200 ጫማ የአየር ፍሰት ይፈልጋል። ራክ ሰርቨር ውስጥ ችግር የለበትም፤ ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ ከገባ ግን ትንሽ ፋን ፊት ለፊቱ መግጠም ግድ ነው። ሙቀት ካፓሲተሩንም ያስረጃል።

ዲስክ ስትገዙ ጥንቃቄ አድርጉ። ኤስኤምአር የሚባለው አጻጻፍ መስመሮቹን እንደ ጣሪያ ክዳን ስለሚደራርብ፣ አሬይ ሲጠገን በሚመጣው ተከታታይ ጽሑፍ ፍጥነቱ ይሞታል። ዌስተርን ዲጂታል፣ ሲጌትና ቶሺባ በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው ይህን እንደሚጠቀሙ ያመኑት በ2020 ነው። የሞዴል ቁጥሩን አምራቹ ካወጣው ዝርዝር ጋር ሳታመሳክሩ አትክፈሉ። ለተራ ኮምፒውተር የተሠሩ ዲስኮችም እዚህ አይሆኑም፤ አንድ መጥፎ ሴክተር ላይ ረጅም ጊዜ እየታገሉ ካርዱ እንደሞቱ ቆጥሮ ያወጣቸዋል።

ካርዱ በጣም የሚመሰገንበት አንድ ነገር የአሬዩን አወቃቀር ዲስኮቹ ላይ መጻፉ ነው። ካርዱ ቢቃጠል ተመሳሳዩ ተገጥሞ፣ የመጣውን «ፎሪን» (ከሌላ ካርድ የመጣ) አወቃቀር ተቀበል ሲባል አሬዩ እንደነበረ ይነሣል። ዳታቤዝ ለሚሸከም አሬይ 24 ቴራባይት ከሚሰጠው ሬይድ 6 ይልቅ 16 የሚሰጠውን ሬይድ 10 እንመርጣለን፤ ፋይል ማስቀመጫና ባክአፕ ብቻ ከሆነ ሬይድ 6 ይበቃል። በጀት ተርፎ ሁለተኛ ካርድ መያዝ ባይቻል እንኳ ካፓሲተሩን አንድ ተጨማሪ ገዝታችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ።