የኪራይ ስልክ ቁጥር ለማረጋገጫ ኮድ፦ ከኅዳር እስከ ሰኔ የሞከርኩት

ጎንደር ፒያሳ ላይ ትንሽ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ የላሚኔሽን ማሽን። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ለተማሪዎች ኢሜይል እከፍታለሁ፣ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ቅጽ እሞላለሁ። «ወደ ስልክዎ የላክነውን ባለ 6 አኃዝ ኮድ ያስገቡ» የሚለው መስመር በቀን ስንት ጊዜ ፊቴ እንደሚደቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ኮዱ አልመጣ ሲል የሰው ፊት እንዴት እንደሚጠቁርም አውቃለሁ። በኢንተርኔት የሚከራየውን ስልክ ቁጥር ነጻውንም የሚከፈልበትንም ከኅዳር ጀምሬ ሞክሬዋለሁ። ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አከራዮቹ ቁጥሩን እነሱ ዘንድ አስቀምጠው በቁጥሩ የሚመጣውን አጭር መልእክት በገጻቸው ላይ ያሳያሉ። ሲም ካርድ በእጅ አይያዝም፤ ጎንደር ተቀምጦ የስዊድን ወይም የእንግሊዝ ቁጥር መከራየት ይቻላል። ምናባዊ ቁጥር የሚሉት ይህንን ነው።

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ ጥምቀት ነው። ጥር 10 ከተራ ሲደርስ ጎንደር ውስጥ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። የሰፈራችን ሰዎች ትርፍ ክፍላቸውን ለእንግዳ ያሰናዳሉ፤ እኔ ማስታወቂያውን ሠርቼ በቴሌግራም እለጥፋለሁ፣ እንግዳውንና ባለቤቱን አገናኛለሁ። ዓምና የራሴን ቁጥር ነበር የለጠፍኩት። ከአሜሪካ የሚደውል ሰው የእኛ ሌሊት አይታወሰውም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደውሎ ክፍሉ ከፋሲለደስ መዋኛ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ የጠየቀኝ አለ። እናቴ የምትደውልልኝ በዚሁ ቁጥር ነውና ስልኬን አጥፍቼ መተኛት አልችልም። ዘንድሮ ለሥራው ብቻ የሚሆን ሌላ ቁጥር ያስፈልገኛል ብዬ ቆረጥኩ።

በነጻው ጀመርኩ። ገጹ ሲከፈት የአገር ባንዲራ ያለባቸው ቁጥሮች ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዱን ስትነኩ በዚያ ቁጥር የገባው መልእክት ሁሉ ይዘረገፋል። በ46 የሚጀምር የስዊድን ቁጥር መረጥኩ። ገጹን ባደስኩ ቁጥር አዲስ መስመር ከላይ ይጨመራል፤ የጨዋታ ኮድ፣ የመጠናኛ ድረ ገጽ ኮድ፣ ቀጥሎ ዕቃ የተላከለት ሰው ስም ከነመረከቢያ ቁጥሩ። እጄን ከመዳፊቱ ላይ አነሳሁ። የማላውቀው ሰው ደብዳቤ ተከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠ ያህል ነው የተሰማኝ። እኔ የእሱን እንዳነበብኩ የእኔንም ኮድ ገጹን የከፈተ ሁሉ ያነብበዋል። ለማንኛውም አልጠቀመኝም፤ ቁጥሩን ለሥራው አካውንት ልከፍትበት በፈለግሁት መተግበሪያ ውስጥ ሳስገባ ታግዷል አለኝ። ሦስት ሌሎች ቁጥሮችን ሞከርኩ፤ ሁለቱ ሌላ ሰው ተመዝግቦባቸዋል፣ ሦስተኛው ላይ ኮዱ ሳይመጣ ቀረ። ስለ ነጻው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ማንም እንዲገባበት አልመክርም።

ወደሚከፈልበት ሄድኩ። የሞከርኩት አከራይ የእኛን ብር አይቀበልም፤ ዓለም አቀፍ ካርድ ወይም ዲጂታል ገንዘብ ነው የሚጠይቀው። ካናዳ ያለው ወንድሜ 10 ዶላር ሞላልኝ። አገልግሎቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለአንድ ኮድ ብቻ ለ20 ደቂቃ የሚከራይ ነው፤ ኮዱ ካልመጣ ገንዘቡ ወደ ቀሪ ሂሳብ ይመለሳል። ሌላው በወር የሚከራይ ሲሆን ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው።

የእንግሊዝ ቁጥር ተከራየሁ። ከቁጥሩ ጎን 20:00 የሚል ሰዓት ወደ ታች ይቆጥራል። 17 ሆነ፣ 15 ሆነ፤ ባዶ። 14 ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። በስልኬ ዳታ ከፍቼ ቀጠልኩ። የላሚኔሽን ማሽኑ እየቀዘቀዘ ሲንጣጣ ይሰማኛል፤ መታወቂያ ሊያሠሩ የመጡ አባት በትዕግሥት ተቀምጠዋል፤ እኔ አንዲት ክብ ምልክት ስትሽከረከር አያለሁ። ኮዱ አልመጣም። ገንዘቡ በተባለው መሠረት ተመለሰ፤ በዚህ አልወቅሳቸውም። ኮድ የመጣልኝ በአራተኛው ቁጥር ነው። አካውንቱ ተከፈተ፣ ደስ አለኝ፣ በ3ኛው ቀን ተዘጋ።

ለምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ነው የተረዳሁት። ኮድ የሚልኩት ድርጅቶች ቁጥሩ የእውነተኛ ሲም ካርድ ይሁን ወይስ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ከመረጃ ቋት አጣርተው ማየት ይችላሉ፤ የኢንተርኔቱን ብዙዎቹ አይቀበሉም። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የዲጂታል ማንነት መመሪያ በኢንተርኔት ስልክ የሚላክ ማረጋገጫ እንዳይሠራበት ጽፏል፤ ምክንያቱም ሰውየው አንድ የታወቀ መሣሪያ በእጁ መያዙን አያሳይም። በዚያ ላይ አንድን ቁጥር ብዙ ሰው ተራ በተራ ስለሚከራየው ከእኔ በፊት የነበረው ያጠፋው ጥፋት ለእኔ ይተርፋል።

የሠራበትንም ልናገር። የማስታወቂያ ንድፍ የሚያወርዱባቸው አንዳንድ ድረ ገጾች አንድ ሥዕል ለመስጠት ስልክ ቁጥር ይጠይቃሉ። አንዴ ገብቼ ለምወጣበት ቦታ የራሴን ቁጥር መስጠት አልወድም። እዚያ የኪራዩ ቁጥር ከግማሽ ዶላር ባነሰ ዋጋ በ2 ደቂቃ ውስጥ ኮዱን አምጥቶልኛል፤ ስልኬም እስከ ዛሬ የማስታወቂያ መልእክት አልጎረፈበትም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አገልግሎቱ ገንዘቡን የሚያክል ነው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ግን አንድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የማራኪ ግቢ ተማሪ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፉን ያተምኩለት ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ድምፁ የማይሰማ። ጥቅምት ላይ ለውጭ አገር ትምህርት የሚያመለክትበት ኢሜይል ሲከፍት በራሱ ስልክ ኮዱ አልመጣ ስላለው ጓደኛው ባሳየው ገጽ ለ20 ደቂቃ ቁጥር ተከራይቶ ከፈተ። ሠራለት። ማመልከቻውን በዚያው ኢሜይል ላከ። ግንቦት ላይ ስልኩ ጠፋበት። አዲስ ስልክ ላይ ኢሜይሉን ሊከፍት ሲል መጨረሻው 37 ወደሆነ ቁጥር ኮድ ልከናል ይለዋል። 37 የማን ነው? ሙሉ ቁጥሩን እንኳ አያስታውሰውም። የአከራዩን ገጽ አብረን ከፈትን፤ ቁጥሩ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የመልሶ ማግኛ ቅጽ ሞላን፤ ማንነቱን ለማረጋገጥ አልበቃም ተባለ።

«እትዬ፣ መልሱ መጥቶ ቢሆንስ? ቀኑ ቢያልፍስ?» አለኝና እንባው መጣ።

«ወንድምዓለም፣ ተቀመጥ መጀመሪያ» አልኩት። ሻይ አስመጣሁለት። በሩን መለስ አድርጌ አዲስ ኢሜይል ከፈትንና ለዩኒቨርሲቲው የቅበላ ክፍል ጻፍን፤ የማመልከቻ ቁጥሩን፣ የፓስፖርቱን ቅጂ፣ የሆነውን ሁሉ ሳንደብቅ። በ9ኛው ቀን መልስ መጣ። የቅበላ ደብዳቤው በድሮው ኢሜይል ከተላከ 3 ሳምንት አልፎታል፤ የመቀበያው ቀን ሊያልፍ 4 ቀን ቀርቶታል። አድራሻውን ቀየሩለት። ያ መልስ ባይመጣ የአምስት ዓመት ልፋቱ አንድ ሻይ በማይገዛ ኪራይ ሊቀልጥበት ነበር።

በአከራዩ የምቆጣው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ነገ የሌላ ሰው እንደሚሆን ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት በአንድ ቀይ መስመር ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸው ነበር? ተከራይ ወጥቶ ሌላ ተከራይ የገባበት ቤት ነው፤ የበሩ ቁልፍ ግን አልተቀየረም። የልጁን ኢሜይል ለመክፈት የሚላከው ኮድ የሚደርሰው 37ን በያዘው ሰው እጅ ነው። ይህ በእውነተኛ ሲም ካርድም ያጋጥማል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ ለአዲስ ደንበኛ ከቀረቡ 259 ቁጥሮች 171ዱ ከቀድሞ ሰዎች አካውንት ጋር እንደተያያዙ አግኝተዋል። ሲም ካርድ ቁጥሩን የሚለቀው ሳትጠቀሙበት ረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው፤ የኪራዩ በ20 ደቂቃ ይለቃል። በኪራይ ቁጥር የከፈታችሁት አካውንት አሁን ስልካችሁ ላይ ክፍት ከሆነ ዛሬውኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሩን በራሳችሁ ቀይሩት። ከተዘጋ በኋላ በሩ የለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ልጅ የኪራይ ቁጥር ላያስፈልገው ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ኮድ አልመጣልኝም ብሎ ወደ እኔ ከሚመጣው ሰው ብዙው ቁጥሩን የሚጽፈው እንዲህ ነው፦ 251 ብሎ ከዚያ 09። ከ251 በኋላ ዜሮዋ መቅረት አለባት፤ በ07 ለሚጀምረውም እንዲሁ ነው። ሌላው ኮዱ ዘገየ ብሎ አምስት ጊዜ ድገሙልኝ ይላል፤ አዲስ በተላከ ቁጥር የፊተኛው ዋጋ ያጣል፣ ሲበዛም ይቆለፋል። መልእክቱ ከውጭ ተነስቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ በተለያዩ አስተላላፊዎች እጅ ስለሚያልፍ መዘግየቱ አይቀርም። አንዴ ጠይቆ አሥር ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልሆነ «ደውሉልኝ» የሚለውን መንካት። ልጁን ስጠይቀው ዜሮዋን መጻፍ አለመጻፉን አላስታወሰም።

የእኔስ ጉዳይ? ያለ ኪራይ አለቀ። ቴሌግራም ላይ የግላዊነት ማስተካከያ ውስጥ ስልክ ቁጥሬን ማን ያያል የሚለውን «ማንም» አደረግሁት፣ የተጠቃሚ ስም አወጣሁ፤ እንግዶች በስሙ ይጽፉልኛል፣ ቁጥሬን አያዩም። ለዋትስአፕ ቢዝነስ ደግሞ የጽሕፈት ቤቴን የመደበኛ ስልክ አስገባሁ፤ ያንን በ058 የሚጀምረውን፣ አቧራ ሲጠጣ የኖረውን። በመደበኛ ስልክ መልእክት ስለማይገባ ይደውሉልኝ አልኩ፤ ስልኩ ጮኸ፣ የተቀዳ ድምፅ ስድስቱን አኃዞች አነበበልኝ፣ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፍኳቸው። የመደበኛ ስልክ የሌለው ሰው ባለ ሁለት ሲም ስልክ ላይ በመታወቂያው ሁለተኛ ሲም ቢያወጣ ቁጥሩ በስሙ ነው፤ ቢጠፋበት እንኳ በመታወቂያው ያስተካዋል።

ለኢሜይል ደግሞ የመጀመሪያው ምዝገባ ካለቀ በኋላ ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያ እጭናለሁ። ኮዱ ስልኩ ውስጥ በየ30 ሴኮንዱ ይፈጠራል፤ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ኔትወርክ በሌለ ቀንም ይሠራል። የሚፈልገው ትክክለኛ ሰዓት ብቻ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ኮዷ ሁሉ ስህተት ነው እየተባለ ስታለቅስብኝ ስልኳን አየሁት፤ ሰዓቱን በእጇ በእኛ አቆጣጠር ሞልታዋለች፤ 6 ሰዓት ዞሯል። «በራሱ ይሙላ» የሚለውን ነክቼ ሰጠኋት፣ ወዲያው ገባ።

ነጥብ ስጪ ከተባልኩ ለነጻው ከ5 ባዶ እሰጣለሁ። ለሚከፈልበት፣ ጠፍቶ ለማያሳስብ አካውንት 3፤ ለኢሜይል፣ ለትምህርት ማመልከቻ፣ ገንዘብ ለሚንቀሳቀስበት ነገር ሁሉ ባዶ። ከ10 ዶላሩ 4 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተርፎኛል፤ ለንድፍ ገጾቹ እጨርሰዋለሁ።

ልጁ ባለፈው ማክሰኞ የቪዛ ቅጹን ሊያስሞላ መጣ። ስልክ ቁጥር የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ከጎኔ ሆኖ የራሱን ቁጥር ነገረኝ፣ ከ9 ጀምሮ።