ከድሬ እስከ ዳካታ፦ የሹፌር ነገር

የምኖረው ካልጋሪ ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ድሬዳዋ ገባሁ። ሐሳቤ ልጆቹ በስልክ ብቻ ሲሰሙት የኖሩትን አገር በመኪና ማሳየት ነበር። ከሽኒሌ ሜዳ ተነስተን፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተን፣ በሐረር አልፈን እስከ ዳካታ የድንጋይ ሸለቆ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ተራራውም በረሃውም ከመስኮት በነፃ ይታያል። ገንዘቡ የሚወጣው ለመኪና፣ ለአልጋና ለአስጎብኚ ነው፤ ጉዞው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። ዋጋ ግን አልጽፍም። ይህን እስክታነቡ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል።

በመኪናው ልጀምር። ገና ካናዳ ሳለሁ በስልክ የተዋዋልኩት አከራይ የላከልኝ ፎቶ ላይ የሚያብረቀርቅ ላንድክሩዘር ነበር። ኤርፖርት የጠበቀን ግን ሌላ ነው። ኤሲው አይሠራም። ትርፍ ጎማው ተልጦ ሽቦው ሊወጣ ደርሷል። ሹፌሩ ስልኩን ከጆሮው አያወርድም። "ነገ ይቀየራል" አሉኝ፤ በነጋታው ያው መኪና መጣ። ቀብዴን ስጠይቅ ግማሹን መለሱልኝ፣ ለቀረው ግማሽ "ወጪ ወጥቶበታል" የሚል መልስ ሰጡኝ። ምን ወጪ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ያዳነን ከዚራ ሰፈር ያረፍንበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። ስልክ ደወለና ስልሳ ያለፈ አንድ የድሬ ሰው ጠራልን። መኪናው አዲስ አይደለም፣ ግን ንፁህ ነው። ሰውየው ከሰላምታው ጀምሮ እኔንም እናቴንም "አንቺ" አለን። እናቴ አዲስ አበባ ኖራ አንቱታ ስለለመደች ፊቷ ከበድ አለ። የድሬ ልጅነቷ ግን የት ይሄዳል፤ ደንገጎ ሳንደርስ እሷም "አቦ" ማለት ጀምራለች።

ዋጋ ስንነጋገር ያነሳቸውን ጥያቄዎች እናንተም ጠይቁ፤ ሰዎች የሚጣሉት በነዚህ ነውና። ነዳጁ በማን ነው? ሐረር ስናድር የሹፌሩ አልጋና ምግብ በማን ነው? ከዕቅዱ ውጭ የሆነ ቦታ እንሂድ ካልን ሒሳቡ እንዴት ነው? ሁሉንም እሱ ራሱ አነሳና ጨረስን። ከዚያ ወዲህ ስለ ገንዘብ አላወራንም።

ሽኒሌ የሄድነው ፀሐይ ሳትከር በማለዳ ነው። ከከተማው ወደ ሰሜን ጥቂት እንደነዱ ቤቱ ያልቅና ሜዳው ይከፈታል። አሸዋ፣ ግራር፣ ግመል፣ ከኋላ የድሬ ተራሮች። ልጆቹ ግመል ሲያዩ ስልካቸውን አወጡ። ሹፌሩ "ቆይ" አላቸው። ወርዶ ወደ ባለግመሉ ሄደ፣ በሱማልኛ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ሳቁ፣ ከዚያ በእጁ ጠራን። ፎቶውን ያነሳነው ከሰውየው ጋር ሆነን ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም ውል ላይ አታገኙትም።

ደንገጎ ለብቻው ይወራለታል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐሮማያ 2,000 ሜትር አካባቢ። ይህ ሁሉ ልዩነት የሚወጣው በጥቂት ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ነው። አንዱን ኩርባ ስትጨርሱ ከተማው እታች ይታያል፤ ከሚቀጥለው ኩርባ በኋላ ደግሞ ያንሳል። ጆሮ ይደፈናል፣ ንፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ድሬ ላይ ያወለቃችሁትን ሹራብ ትፈልጋላችሁ። ስንወጣ ሹፌሩ ከጭነት መኪና ኋላ ታግሶ ሄደ፤ ኩርባ ላይ አንድም ጊዜ አልቀደመም።

ሙያው የታየው ግን ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ገና ሳንጀምር ማርሹን ሁለተኛ ላይ አስገባው። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን ተያዘ። እግሩ ፍሬኑን ነካ አድርጎ ይለቃል እንጂ አያርፍበትም። ልጄ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው "ፍሬን ለመቆም ነው፤ ለመውረጃው ማርሽ አለልሽ" አላት። ከፊታችን ካለ የጭነት መኪና የተቃጠለ ፍሬን ሽታ መጣ። ሹፌሩ ምንም ሳይናገር ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ የእጁን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠጋ፤ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው እየዞረ ሙቀቱን ለካ። የራሱ ደህና ነው። ጭነቱ እስኪርቅ ጠብቀን ወረድን። ያ ስልኩን ከጆሮው የማያወርደው ልጅ እዚህ ቦታ ምን ያደርግ ነበር እያልኩ አሰብኩ።

ቁልቢ ዕቅዳችን ውስጥ አልነበረም። እናቴ ግን ደንገጎ መገንጠያው ላይ የአዲስ አበባውን መንገድ ስታይ ዝም አለች፤ ዝምታዋም ገባን። ራስ መኮንን ከዓድዋ በኋላ ያሠሩትን የገብርኤልን ደጅ ተሳልማ ተመለሰች። ሹፌሩ ሙስሊም ነው፤ እሷ እስክትጨርስ ሻይ እየጠጣ ጠበቀን፣ ሰዓት አላየም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ የምትመጡ ከሆነ ግን አልጋና መኪና ቀድማችሁ ያዙ። በንግሥ ሰሞን ባዶ አልጋ ማግኘት ዘበት ነው።

የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ነበር፤ አሁን ውሃው ተመልሷል። አወዳይ በጫት ገበያዋ እንደተጨናነቀች ነው። መስኮት ዝጉና እለፉ፣ ካልገዛችሁ በቀር።

ሐረር ያደርነው ጀጎል ውስጥ፣ እንግዳ በሚቀበል የአደሬ ቤት ነው። ሆቴል አይደለም። ደረጃ በደረጃ ከፍ ከፍ ያለ ቀይ መደብ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረ ሰፌድና ሳህን፣ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ። ሌሊት መታጠቢያ ቤት ለመሄድ ግቢውን ማቋረጥ አለ፣ ሙቅ ውሃውም ይመጣል ይሄዳል። እናቴ በጉልበቷ ምክንያት ደረጃው ከብዷታል። ቁርስ ግን ፈጢራ በማርና ትኩስ ቡና ነበር፤ እናቴም ከፈጢራው በኋላ ስለ ደረጃው አላነሳችም። አረጋዊ ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ምድር ቤት ያለ ክፍል ጠይቁ።

አስጎብኚያችንን ወድጄዋለሁ። ጀጎል በዩኔስኮ የተመዘገበችው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህን ሁሉም ይነግራችኋል። የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚባለው ጋ ስንደርስ ግን "እሱ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐረር ኖሯል፣ እዚህ ቤት ግን አልኖረም" አለን። ቤቱ የሚያምር ስለሆነ ለቱሪስት ዝም ማለት ይቀላል። እሱ ዝም አላለም። ከዚያ በኋላ የነገረንን ሁሉ አመንኩት።

የጅብ ማብላቱ ላይ ግን ቅር ብሎኛል። ጅቦቹ ግሩም ናቸው፤ ልጄ ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አድርጋ ስትሰጥ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲያልቅ ከተስማማነው በላይ ተጠየቅን፣ ምክንያቱ ደግሞ "ዳያስፖራ ናችሁ" የሚል ነው። ሳትጀምሩ ለስንት ሰው እንደሆነ፣ ፎቶውም እንደሚጨምር በግልጽ ተነጋገሩ።

ከሐረር ወደ ምሥራቅ ስትወርዱ ሙቀቱ ይመለሳል። ባቢሌ ላይ ለውዝ ግዙ፤ ሴቶቹ በጣሳ እየሰፈሩ ይሸጣሉ፣ ትኩሱን ጠይቁ። ከዚያ ወዲያ ዳካታ ነው። ድንጋዩ በድንጋይ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ተቀምጧል፣ አንዳንዱ አሁን ይወድቃል የሚያሰኝ፣ በመሀሉ ቁልቋልና ግራር። እዚህ ጥላ የለም፣ ምግብ ቤት የለም፣ መጸዳጃም የለም። ውሃ ጭናችሁ ሂዱ፤ የመንገዱን ሁኔታም በዕለቱ ሐረር ላይ ጠይቁ። ኬላ ላይ ፓስፖርትና የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ በእጅ ይሁን፤ የኛን ሻንጣ ውስጥ ከትቼው ስለነበር ፈታሹ እስካወጣ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ሹፌሩም በኦሮምኛ ጨዋታ ያዘው።

ቤተሰብ ካልያዛችሁ ይህ ሁሉ ወጪ አያስፈልግም። ከድሬ መነኸሪያ ወደ ሐረር አባዱላ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ አለ፤ ሲሞላ ይነሳል፣ ዋጋውም ከኮንትራት ጋር አይወዳደርም። ደንገጎ ላይ ፎቶ አንሱ ብሎ ግን አይቆምላችሁም፤ መስኮት ጋ ያለ ወንበር ያዙ።