ልጄን ዝም ላሰኙልኝ መምህር

ሰውየው «ስሜን እንዳትጠራ» ብለውኛልና አልጠራም። ምስጋናዬን ግን ሆዴ ውስጥ አምቄ መያዝ አልቻልኩም። ጂማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ፣ በትምህርት ቤት ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ደግሞ በቤታቸው በረንዳ ላይ ልጆች የሚያስተምሩ አንድ መምህር አሉ። አሮጌ አኮርዲዮናቸውን እንደ ታመመ ሕፃን አቅፈው ነው የሚይዙት። የሚያውቃቸው ሰው ከዚህ በላይ ምልክት አይፈልግም። የማታውቋቸው፣ በተለይም ድምፁ የሚያምር ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

እኔ እዚሁ ጂማ፣ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። አሁን ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ገና በአራት ዓመቷ ከጨርቁ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ከሬዲዮ የሰማችውን ሁሉ ትደግም ነበር። ደንበኞቼ ማስለካቱን ትተው ይሰሟታል። አንዲት ሴትዮ «እኔ የምመጣው ለጨርቅህ ሳይሆን ለልጅህ ብዬ ነው» ይሉኛል፤ ይህን እያሉም ከሜትሩ ላይ አሥር ብር ሳያስቀንሱኝ አይሄዱም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዝናዋ ከሱቅ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ሠርግ ቤት ወጣ።

የአምናው ጥር አይረሳኝም። የሠርግ ወር ነው፤ አንዱ ድንኳን ሲፈርስ ሌላው ይተከላል። ልጄን ከባንዱ ፊት፣ ቁመቷን ከሚያህል ድምፅ ማጉያ አጠገብ አቁመው ትልልቅ ሴቶች የሚዘፍኑትን አዘፈኗት። ሰው እየተነሣ ግንባሯ ላይ ብር ይለጥፍ ጀመር። በአንድ ምሽት የሰበሰበችው እኔ በሳምንት ከማተርፈው በለጠ። እዚህ ላይ ራሴን ንጹሕ አላደርግም፤ ደስ ብሎኛል። ብሩን እየቆጠርኩ ሳለ እናቷ «ልጅቷ እኮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም» ስትለኝ «ቆይ ልጨርስ» ያልኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን «የድምፅ አሠልጣኝ ነኝ» የሚል ሰው አገኘን። ስሙንም ቦታውንም አልናገርም። የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተቀበለን። ከዚያ በየቀኑ ለአራት ሰዓት ያህል፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ምሳ ዕቃዋን እንኳ ቤት ሳታደርስ። «የቴሌቪዥን ውድድር ላይ ከመቅረቧ በፊት ድምፅዋ መብሰል አለበት» ይለናል። የማይወጣላትን ከፍታ ያስጮኻታል፤ ድምፅዋ ሲሰነጠቅ «ይኸው፣ እየተከፈተ ነው!» ብሎ ያጨበጭባል። አንድ ቀን ጉሮሮዬን አመመኝ ብላ ብታለቅስ «ጉሮሮው ያልደማ ዘፋኝ የለም» ብሎ መለሰላት። ይህን ሲላት እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አዋቂ የሚመስል ሰው ሲናገር አፍ ከፍቶ መስማት የእኔ ዓይነቱ ሰው በሽታ ነው።

መጋቢት ሲገባ ድምፅዋ ሰለለ። ጠዋት እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ይንቋረራል፤ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ይጠፋል። ትንሽ ትረፍ ስንለው ሰውየው «አሁን ካቆመች አለቀላት» አለን። አንድ የሕክምና ቦታ ወሰድናት፤ የተቀበለን ባለሙያ አፏን እንኳ ሳያስከፍት «ቶንሲል ነው» ብሎ መድኃኒት ጻፈ። በሁለተኛው ስንሄድ ሌላ መድኃኒት ጻፈ። ዘመድና ጎረቤት በበኩሉ ማር በዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ጥሬ እንቁላል በባዶ ሆድ አዘዘ። ምስኪን ልጄ እንቁላሉን ዓይኗን ጨፍና፣ እንባዋ እየወረደ ዋጠችው። በመጨረሻ አንዲት አክስታችን «እንጥሏ ወርዶ ነው፤ የሚቆርጡ ሰው አውቃለሁ» አሉ። እኛም ተስማማን። ለማክሰኞ ቀጠሮ ተያዘ። እስከ ዛሬ ሌሊት የሚያባንነኝ ያ ማክሰኞ ነው።

ሰኞ ዕለት እኚያው ዋጋ አስቀናሽ ደንበኛዬ መጡ። ልጄ «ደህና ዋሉ» ስትላቸው ሰሙና ክው አሉ። የማክሰኞውን ነገር ስነግራቸውማ መቀሱን ከእጄ ነጥቀው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «አብደሃል? ሱቁን ዝጋ፤ አሁን ከእኔ ጋር ትመጣላችሁ» አሉ። ለካ የልጅ ልጃቸው፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ጎረምሳ፣ የመምህሩ ተማሪ ኖሯል። ልጁ ድምፁ መጎርነን ሲጀምር ሌሎቹ እንደ ድሮው በቀጭኑ ካልዘፈንክ ብለው መድረሻ አሳጥተውት ነበር አሉ። መምህሩ ናቸው «ቤት የሚቀይር ሰው እንግዳ አይጠራም፤ የዚህ ልጅ ድምፅ ቤት እየቀየረ ነው» ብለው ከበሮ ላይ ያስቀመጡት። እስከዚያ ድረስ ወንድ ልጅ ድምፁ በሚለወጥበት ዕድሜ መጠንቀቅ እንዳለበት ሰምቼ አላውቅም። የእኔን ድምፅ ማን ጠይቆት ያውቃል?

መምህሩ ቤት ስንደርስ ዝናቡ፣ የጂማ ዝናብ እንደሚያውቅበት፣ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ አንሰማማም። ልጄ ሰላምታ ለመስጠት፣ ከዝናቡ በላይ ለመጮኽ አንገቷን ስትገትር መምህሩ ፈጠን ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እኔንም በዚያው ጣት ዝም አሰኙኝ። ከዚያ ሰፌድ አመጡ፤ ጥሬ ቡና ዘረገፉበትና ከልጄ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይለቅሙ ጀመር። እሷም ገባትና አብራቸው ትለቅም ጀመር። ትንሽ ቆይተው አንዲት ጥቁር ፍሬ ወደ እሷ ክምር ሰደዱ። እሷ መለሰችላቸው። ደግመው ሰደዱ። እንደገና መለሰች። ዝናቡ እስኪያባራ አርባ ደቂቃ ያህል በዚያች በአንዲት የተበላሸች ፍሬ ሲጫወቱ ቆዩ፤ ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። ልጄ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ከወራት ወዲህ ማንም «ዝፈኚ» ሳይላት የተቀመጠችበት የመጀመሪያው ሰዓት መሆኑ የታወቀኝ ያኔ ነው።

በኋላ መምህሩ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ሰጧት። ልጄ አጎንብሳ ጽፋ አሳየቻቸው፦ «ድምፄ ሞተ?»

እሳቸው ጠመኔውን ተቀብለው ከሥሩ ጻፉ፦ «ደክሞት ተኝቷል። አትቀስቅሺው።»

ዝናቡን የማይ መስዬ ወጣሁ።

ስመለስ ሦስት አራት ቃል ብቻ አናግረዋት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተዋት ጨርሰዋል። አላዘፈኗትም። ወደ እኔ ዞረው «ስንት ጊዜ ሆናት?» አሉኝ። ሁለት ወር አልኩ። «ሦስት ሳምንት ያለፈው የድምፅ መሻከር የጉሮሮ ሐኪም ሳያየው አይታለፍም። ሐኪም ሳያያት እኔ አላስተምራትም። እንጥሏን ደግሞ ማንም አይነካ፤ ድምፅ የሚወጣው ከእንጥል አይደለም» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ግን የማያሻማ ነው። በነጋታው፣ በዚያው እንጥሏ ሊቆረጥ በነበረው ማክሰኞ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ሪፈራል ሆስፒታል ወረፋ ላይ ቀድመውን ቆመው አገኘናቸው። ገና አንድ ቀን ለሚያውቋት ልጅ!

ሐኪሟ ካሜራ ያለው ቀጭን ነገር በአፍንጫዋ አስገብታ በስክሪን አሳየችን። ምኑም አልገባኝም። የድምፅ ክሮች የሚሏቸው ሁለት ነጫጭ ክሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ፣ መሐላቸው ላይም ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት እብጠቶች አየሁ። ሐኪሟ የበሽታውን ስም ነገረችኝ፤ ያልገባኝን አይታ «በቀላሉ መጅ በለው» አለችኝ። እሱማ ገባኝ። አውራ ጣቴ ላይ የሃያ ዓመት የመቀስ መጅ አለኝ። በዘጠኝ ዓመት ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ግን መጅ! ደግነቱ በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በዕረፍትና አነጋገርን በማስተካከል እንደሚድን ነገረችን።

ስድስት ሳምንት ዘፈን የለም ተባለ። መምህሩ በሳምንት ሁለት ቀን እየጠሯት ቡና ያስለቅሟታል፣ አኮርዲዮን ያስነኳታል፣ ቀስ ብላ እንድታወራ ያለማምዷታል። ጩኸት ክልክል ነው፤ ጉሮሮ መጥረግም ክልክል ነው። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ አናግራት ነበርና ይህን ሲሰሙ «ሹክሹክታም ያደክማታል፤ በለሰለሰ ድምፅ ታውራ» አሉኝ። የእንቁላሉን ነገር ስነግራቸው ብዙ ሳቁ። የሚዋጥ ነገር ወደ ሆድ እንጂ ወደ ድምፅ ክሮቹ አይደርስም አሉ፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ጥሬ እንቁላል ሲሳዩ የሆዷ ብቻ ነበር። ዝናብ ከመጣ ትምህርት ይቋረጣል። ልጆች ከቆርቆሮው ጋር ፉክክር እንዲገቡ አይፈልጉም።

አንድ ቀን፣ ስናወራ እንኳ የልጅ የድምፅ ክሮች በአንድ ሰከንድ ከ200 ጊዜ በላይ እንደሚነካኩ ነገሩኝ። ነጋዴ ነኝና ሱቅ ስደርስ የሂሳብ ማሽኔን አወጣሁ። አራት ሰዓት 14,400 ሰከንድ ነው። በ200 ሲባዛ 2,880,000። ለትንፋሽና ለዕረፍት ብዬ ግማሹን ብቀንስ 1,440,000 ይቀራል። በአንድ ቀን! ያውም በለሆሳስ አይደለም፤ እየተጮኸ። በዓለም ላይ ይህን ያህል ታሽቶ የማይሳሳ ጨርቅ ካለ አምጡልኝ፤ ጥቅሉን ሙሉ እገዛለሁ።

የድምፅ ክሮቹ ውስጣቸው ተሠርቶ የሚያልቀው ጉርምስና ሲያበቃ እንደሆነም ከእሳቸው ነው የሰማሁት። ለካ እኔ ከሸማኔው ዕቃ ያልወረደ ጋቢ ካልለበስኩ ብዬ ስጎትት ነበር።

ስለ ክፍያ ልንገራችሁ። ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ ፖስታ ይዤ ሄድኩ። «ላልዘፈነችበት አላስከፍልም» ብለው መለሱልኝ። የቀደመው ሰው ደግሞ የሦስት ወሩን ብር አስቀርቶ፣ ልጄ ድምፅዋ መመለሱን ሲሰማ ደውሎልኛል፤ ለአንድ ዝግጅት ፈልጓት ነው። አይሆንም ስለው «ዕድሏን ዘጋህባት» አለኝ። ያልኩትን እዚህ መጻፍ አልችልም፤ ይህን ጽሁፍ ልጆችም ያነቡታል።

ሐምሌ ላይ ሐኪሟ ደግማ ስታያት እብጠቶቹ በጣም አንሰው ነበር። መምህሩ ያኔ ጀመሯት፤ በቀን አሥር ደቂቃ፣ አፍ ተዘግቶ ማንጎራጎር፣ ለዕድሜዋ በሚመጥን ከፍታ። ለእንቁጣጣሽ ከሰፈር ልጃገረዶች ጋር አበባ ይዛ ስትዞር አውጪ እንዳትሆን፣ ተቀባይ ብቻ እንድትሆን ፈቀዱላት። አውጪዋ የጎረቤታችን ትልቋ ልጅ ነበረች። የእኔዋ ከመሐል ሆና፣ ከሌሎቹ ድምፅ ለይቼ ልሰማት እያቃተኝ፣ እየሳቀች ትቀበላለች። ከኪሴ ብር አወጣሁና ለሁሉም ብዬ ለትልቋ እጅ ሰጠሁ። ግንባር አልነካሁም።

የጂማ ወላጆች፣ ልጃችሁ መዝፈን ከወደደ፣ በመስጊድ መንዙማ ይሁን በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ይሁን በትምህርት ቤት ክበብ፣ እኚህን ሰው አንድ ጊዜ አማክሯቸው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ያስተምራሉ። ድምፁ የሻከረ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሂዱ፣ ነገ አትበሉ። የቤታቸውን አቅጣጫ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ። ፈቅደውልኛል፤ የከለከሉኝ ስማቸውን ብቻ ነው። ለእሳቸውም፣ ለዋጋ አስቀናሿ ደንበኛዬም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። (ለሴትዮዋ አሁን ሳይጠይቁኝ አሥር ብሩን እቀንሳለሁ፤ እሳቸው ግን አሁንም ሌላ አሥር ያስቀንሱኛል።)

ስትሄዱ ከቀትር በኋላ ሂዱ፤ ጠዋት አትክልታቸው ውስጥ ናቸው። «ዝፈንላቸው» ብላችሁ ልጁን ከበር ላይ አታስጀምሩት፤ ይህን አይወዱም። ስጦታ ካማራችሁ ጥሬ ቡና ውሰዱ፤ ያልተለቀመውን።