መካከለኛ ባለ አምስት አክሲስ ማሽን፦ ሃስ፣ ዲኤምጂ ሞሪ ወይስ ማትሱራ?

ባለ አምስት አክሲስ፣ ማለትም በአምስት አቅጣጫ እየተንቀሳቀሰ ብረት የሚቆርጥ ማሽን፣ ልግዛ ብሎ የተነሳ የሾፕ ባለቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ይይዛል?" ብሎ ነው። ቀጥሎ ስፒንድሉ፣ ማለትም መቁረጫውን (ቱሉን) ይዞ የሚዞረው ክፍል፣ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ይጠይቃል። ክፋት የላቸውም። ግን ዕቃ በየቀኑ እያመረተ ለሚያስረክብ ሾፕ ገንዘቡን የሚመልሱለት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው ባይ ነኝ። አንደኛው፣ ጠረጴዛው ከምትሠሩት ዕቃ ጋር ይመጣጠናል ወይ? ሁለተኛው፣ ሠራተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ማሽኑ ስንት ሰዓት ብቻውን ይቆርጣል?

ሦስት ማሽን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የሃስ ዩኤምሲ-750፣ የዲኤምጂ ሞሪ ዲኤምዩ 50 ሦስተኛው ትውልድ እና የማትሱራ ኤምኤክስ-520። የመጀመሪያው የካሊፎርኒያ፣ ሁለተኛው የጀርመን፣ ሦስተኛው የጃፓኗ ፉኩይ ልጅ ነው። በሦስቱም ላይ ስፒንድሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የሚያጋድለውና የሚዞረው ዕቃው የታሰረበት ጠረጴዛ ነው።

ቁጥሩን ቶሎ እንጨርሰው። ሃስ በኤክስ (ግራና ቀኝ) 762፣ በዋይ (ፊትና ኋላ) 508፣ በዜድ (ላይና ታች) 508 ሚሊ ይሄዳል። ክብ ጠረጴዛው 500 ሚሊ ስፋት አለው፣ 300 ኪሎ ይሸከማል፣ መደበኛ ስፒንድሉ 8,100 ዙር ነው። ዲኤምዩ 50 ደግሞ በዚሁ ቅደም ተከተል 650፣ 520 እና 475 ሚሊ ይሄዳል። ጠረጴዛው 630 በ500 ነው፣ እሱም 300 ኪሎ ይችላል፣ ስፒንድሉ 15,000 ዙር ነው። ማትሱራ 630፣ 560 እና 510 ሚሊ ይሄዳል። 520 ሚሊ ስፋትና 350 ሚሊ ቁመት ያለው ዕቃ ያስገባል፣ ክብደቱ ግን ከ200 ኪሎ መብለጥ የለበትም፣ ስፒንድሉ 12,000 ዙር ነው። መደበኛው የቱል መያዣ ዲኤምዩ ላይ 30፣ ማትሱራ ላይ 60 ቱል ይይዛል። ይህን የቱል ቁጥር ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ካታሎግ ላይ የማታዩት ነገር። 80 ሚሊ ኩብ የሆነ የአሉሚኒየም ዕቃ አላችሁ እንበል፣ በአምስት ጎኑ ቀዳዳ ያለው። 100 ሚሊ ቁመት ባለው ሞርሳ አስራችሁ 500 ሚሊው ክብ ጠረጴዛ መሃል ላይ አስቀመጣችሁት። ጎኑን ለመብሳት ጠረጴዛውን 90 ዲግሪ አጋደላችሁ። በዚህ ጊዜ የጠረጴዛው ግማሽ፣ ማለትም 250 ሚሊ፣ እንደ ግድግዳ ሽቅብ ይቆማል። ዕቃችሁ ግን ከመሃሉ የሚነሳው 40 ሚሊ ብቻ ነው። ስፒንድሉ ወደ ዕቃው ሊወርድ ሲል የራሱ ወፍራም አንገት ከዚያ ግድግዳ ጋር ይጋፋል።

ሁለት መውጫ አለ፤ ሁለቱም ያስከፍላሉ። አንዱ ቱሉን ማስረዘም ነው። ቱል ርዝመቱ በእጥፍ ሲጨምር በተመሳሳይ ግፊት የሚተጣጠፈው ስምንት እጥፍ ነው። ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ ፊቱ ይበላሻል፣ ፊዱን (ቱሉ እየቆረጠ የሚሄድበትን ፍጥነት) ትቀንሳላችሁ። ሌላው ሞርሳውን ከሥሩ በመደገፊያ ከፍ ማድረግ ነው። ይሄ የተሻለ ነው፣ አብዛኛው ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ችግሩ ዕቃው ከማጋደያው ማዕከል በራቀ ቁጥር የማዕዘን ስህተት መጉላቱ ነው። ማጋደያው በ10 የማዕዘን ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 1/3600ኛ ነው) ብቻ ቢሳሳት ከማዕከሉ 250 ሚሊ ርቆ ያለ ነጥብ በ12 ማይክሮን ይዛነፋል።

"ትልቅ ልግዛ፣ ትንሹም ትልቁም ይገባበታል" የሚለው ሂሳብ የሚያከስረው ለዚህ ነው። ከምታመርቱት አብዛኛው ከ150 ሚሊ በታች ከሆነ ከሦስቱ አንዱንም ከመግዛታችሁ በፊት 400 ሚሊ ጠረጴዛ ያለውን ታናሹን ዩኤምሲ-500 እዩት። ዕቃችሁ ከ250 እስከ 400 ሚሊ ከሆነ ግን ዩኤምሲ-750 ልካችሁ ነው። በኤክስ የሚሄደው 762 ሚሊም ከሦስቱ ሰፊው ነው። ረጅም ዘንግ ወይም ሰፊ ላሜራ የሚበዛባችሁ ደግሞ ይህን ዓይነት ጠረጴዛ እርሱት። ራሱ ስፒንድሉ የሚያጋድል፣ ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ የሚቀር ማሽን ይሻላችኋል፤ የሁርኮ ቪኤምኤክስ42 ኤስአርቲአይ የዚያ ወገን ነው።

ስለ ትክክለኛነት የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጠረጴዛው የሚዞርበትና የሚያጋድልበት ማዕከል የት እንዳለ ማሽኑ ያውቃል ወይ? አምስቱም አክሲስ አንድ ላይ እየተንቀሳቀሱ የሚቆረጥ ሥራ በማምረቻ ሾፕ ብዙ አይደለም። አብዛኛው አጋድሎ፣ ቆልፎ፣ በሦስቱ አክሲስ መቁረጥ ነው። ይህ የሚሆነው ኮንትሮሉ (የማሽኑ ኮምፒውተር) ማዕከሉን በትክክል ሲያውቅ ብቻ ነው። ብረት ደግሞ ሲሞቅ ይረዝማል። 500 ሚሊ የብረት ክፍል በ5 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 29 ማይክሮን ገደማ ይሰፋል። ጠዋት የተለካ ማዕከል ከምሳ በኋላ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

ሃስ ማዕከሉን ኮንትሮሉ ሴቲንግ ውስጥ ያስቀምጣል። በፕሮቡ (እየነካ በሚለካው መሣሪያ) እና ጠረጴዛው ላይ በምትቀመጠው መለኪያ ኳስ ለክታችሁ ታድሱታላችሁ። ቀላል ነው፣ ማንም ይማረዋል፣ ግን ሰው አስታውሶ ማድረግ አለበት። ዲኤምዩ ሃይደንሃይን ከሚባለው ኩባንያ ኮንትሮል ጋር ከተገዛ ካይነማቲክስኦፕት የሚባል አማራጭ አለ። ኳሷን በተለያየ ማዕዘን እየነካ የአክሲሶቹን ስህተት ለክቶ ራሱ ያርማል፤ ፕሮግራም ውስጥም ሊገባ ይችላል። ጥብቅ ልክ ለምትሠሩ ለዚህ አማራጭ ገንዘብ መጨመር ያዋጣል። ፕሮብ የሌለው አምስት አክሲስ በቅናሽ ካቀረቡላችሁ ግን አትግዙ። ቅናሹን በሁለት ወር ትመልሱታላችሁ።

ወደ ሌሊቱ እንምጣ። ማትሱራ ሚዛኑን የሚደፋው እዚህ ላይ ነው። ኤምኤክስ-520 አራት ፓሌት (ዕቃ ታስሮበት ተራ በተራ ወደ ማሽኑ የሚገባ ተነቃይ ጠረጴዛ) ያለው ፒሲ4 የሚባል ዓይነት አለው። አንድ ዕቃ 40 ደቂቃ ይፈጃል ብንል፣ አራቱን ፓሌት ሞልታችሁ ብትሄዱ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሠራል። እርግጥ ሌሊቱን አያደርስም። አንዱ ፓሌት ላይ ሦስት አራት ዕቃ ብታስሩ ግን ሌላ ወሬ ነው። የዚያው ኩባንያ ኤምኤኤም72-35ቪ በ32 ፓሌት ይመጣል፤ በዚሁ ስሌት 21 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መሆኑ ነው። እሱ የሚያስገባው ዕቃ አነስ ያለ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ሰፈር ነው። ሃስም ዲኤምጂ ሞሪም ሮቦት ወይም የፓሌት መጫኛ ለብቻው ይሸጣሉ። ስለዚህ በር አይዘጋም። ብቻ ስትገዙ "በኋላ እጨምራለሁ" ካላችሁ የበሩን፣ የአየር መስመሩንና የኮንትሮሉን ዝግጅት ከመጀመሪያው አስገቡት።

የቱል ቁጥር የተባለው እዚህ ይመጣል። አንድ ዕቃ 18 ቱል ከፈለገ፣ ሌሊት የሚሰበረውን የሚተካ መጠባበቂያ ስትጨምሩ 36 ይሆናል። የዲኤምዩ 30 ቦታ ገና በአንድ ዕቃ ሞላ። ተለቅ ያለ የቱል መያዣ በአማራጭ አለው፤ ለምርት ከሆነ እሱን ሳታስገቡ አትፈርሙ። የማትሱራ 60 ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ያለ ነው። ሃስ ላይ ስንት ቱል እንደሚገባ ስታዙ ጠይቁ።

ዋጋን በተመለከተ ሃስ በድረ ገጹ ላይ በግልጽ ይለጥፋል፤ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሌሎቹ ጋ ፕሮፎርማ ጠይቃችሁ ትደራደራላችሁ። በሦስቱ መካከል ግን ሃስ ርካሹ መሆኑ አያከራክርም። ፈጣን ፊድና ጥሩ ፊት የሚጠይቅ የአሉሚኒየም ሥራ ላይ 8,100 ዙር ይንቀራፈፋል። ለካርቦን ስቲል ግን ከበቂ በላይ ነው፤ 15,000 ዙር ስለተባለ ብቻ አትክፈሉ። አሜሪካ ውስጥ የሃስን ኮንትሮል የሚያውቅ ማሽኒስት በየመንደሩ አለ። ማሽኒስት ፍለጋ ወራት ለሚያልፍበት ሾፕ ይህ ከማይክሮን በላይ ዋጋ አለው።

አዲስ አበባ ላይ ለመትከል የምታስቡ ካላችሁ ሂሳቡ ይለወጣል። የኛ 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሃስ ስታዙ ለዚህ ቮልቴጅ የሚሆነው ትራንስፎርመር ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ። መብራት በቆረጣ መሃል ሲጠፋ የሚጎዳው ቱሉና ዕቃው ብቻ አይደለም፣ የሌሊቱ ፕሮግራምም ነው፤ ያለ አስተማማኝ ጀነሬተር የፓሌት ነገር ቅንጦት ነው። የአየር ማድረቂያም አትርሱ፣ እርጥብ አየር ስፒንድል ይገድላል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ አንድ የስፒንድል መለዋወጫ በብር ሲመታ የሚደነግጥ ብዙ ነው። ስለዚህ ስፒንድሉ ቢበላሽ ስንት እንደሚያወጣ፣ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚገጥመው ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብሮ ይጻፍላችሁ።

እኔ ብሆን? ትዕዛዙ ገና እየገባ ላለ፣ ከሦስት አክሲስ ለሚሸጋገር ሾፕ ሃስ። ጥብቅ ልክና በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ሥራ ላለው ዲኤምዩ 50። ተመሳሳይ ዕቃ ዓመት ሙሉ የሚደጋገምለትና ሰው የሚያጥረው ማትሱራ ከነፓሌቱ።

ከመፈረማችሁ በፊት የሻጩን የማሳያ ዕቃ ተዉትና የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ካሬ ጉብታ በላይኛው ፊት እንዲቆርጡላችሁ አድርጉ። ከዚያ ጠረጴዛውን 90 ዲግሪ አጋድለው የዚያኑ ካሬ አራት ጎን በጎን በኩል እንዲያስተካክሉ ጠይቁ። ሁለቱ ቆረጣዎች የሚገናኙበትን መስመር በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ካለ ማዕከሉ ተዛንፏል። ማሽኑ ሁለት ሰዓት እንዲሠራ ተዉትና ያንኑ ዕቃ ድጋሚ አስቆርጡ፤ ሻጩ ጊዜ የለንም ካለ ቀጠሮውን ሌላ ቀን አድርጉት።