ያለቀ ጓንት ምን ይናገራል? የጓሮ ሥራ ጓንት ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ አራት ያረጁ ጓንቶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው መዳፉ ላይ የላስቲክ ነጠብጣብ ያለበት የጥጥ ሹራብ ነው። ሁለተኛው መዳፉ ጎማ የተነከረ፣ ሦስተኛው መዳፉ ግራጫ የላም ቆዳ ሆኖ ጀርባው ባለመስመር ጨርቅ፣ አራተኛው ደግሞ ዙሪያውን የፍየል ቆዳ ነው። አራቱም ያገለገሉት ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ጓሮ ነው፤ አጥሩ ቀጋ፣ ከቀጋው ሥር ሳማ፣ መሬቱ አንድ ክንድ ሳይቆፈር ድንጋይ። ሱቅ ውስጥ አዲስ ጓንት ሲታይ ሁሉም ጠንካራ ይመስላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው፤ ከየት እንደተቀደደ፣ ምን እንደበላው። ስለዚህ የማነጻጽራቸው በአሟሟታቸው ነው።

ጥጡን ቶሎ ልጨርሰው፤ እርሱም ቶሎ ነው ያለቀው። የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጫፍ የተከፈተው የፈረሰ ካብ መልሼ መደርደር በጀመርኩበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ድንጋይ ሲነሣ ብዙውን ፍትጊያ የሚቀበለው መዳፍ ሳይሆን የጣት ጫፍ ነው፤ ነጠብጣቡ ደግሞ እንዳያንሸራትት እንጂ እንዲከላከል የተሠራ አይደለም። ውርጭ ባለበት ጠዋት ውኃውን ይጠጣና እጅን ያደነዝዛል። እሾህ ያሳልፋል፣ ሳማ ያሳልፋል። ድንች ለመልቀም፣ ገለባ ለማጋዝ፣ ኩበት ለመደርደር ግን ርካሽና ታጥቦ የሚደርቅ ነውና ይበቃል። ከገዙም ነጠብጣቡ በሁለቱም ፊት ያለውን ይምረጡ፤ የቀኙ መዳፍ ሲሳሳ ገልብጦ በግራ እጅ ማጥለቅ ይቻላል።

ጎማ የተነከረ ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀላቅለው ይቀመጣሉ፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ አይለያቸውም። አንደኛው ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራው ላቴክስ ነው፤ ፊቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሸበሸበ ነው። ይለጠጣል፤ ርጥብ ድንጋይና ጭቃ የነካው የዶማ እጀታ ከእጅ አያመልጥበትም። ነዳጅና ዘይት ሲነካው ግን ያብጥና ይልፈሰፈሳል፣ ፀሐይ ላይ ሲከርምም ይሰነጣጠቃል። ላቴክስ ሲነካው ቆዳው የሚቆጣ ሰውም አለ። ሁለተኛው ናይትራይል የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ ፊቱ ልሙጥ ወይም እንደ ደቃቅ አሸዋ የሻከረ ይሆናል። ዘይትና ናፍጣ ብዙም አይጎዱትም፤ መፋተግንና መወጋትን ከላቴክሱ ይበልጥ ይችላል፤ እንደ ላቴክሱ ግን አይለጠጥም። በክረምት ጭቃ ውስጥ የሚውል ላቴክሱን፣ የውኃ ፓምፕ ሞተር የሚነካካ ወይም ጓንቱን አጥር ላይ ሰቅሎ የሚረሳ ደግሞ ናይትራይሉን ቢወስድ ይሻለዋል። ፖሊዩሬቴን የሚባል ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ የተቀባ በጣም ስስ ዓይነትም አለ፤ ለችግኝና ለመቀስ ሥራ ይመቻል፤ ድንጋይ ግን ቶሎ ይጨርሰዋል።

የእኔ ናይትራይል ነበር። መዳፉ ዛሬም ደህና ነው። ያሸነፈው ሳማ ነው። ከአጥሩ ሥር ሳማ እየነቀልኩ መዳፌ ምንም ስላልተሰማው ልቤ አበጠና እጄን እስከ ክንዴ ወደ ውስጥ ሰደድኩት። የእነዚህ ጓንቶች ጀርባ እጅ እንዲተነፍስ ሆን ተብሎ ሳይነከር የተተወ ስስ ሹራብ መሆኑን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። የሳማ ፀጉር ውስጡ ክፍት የሆነ መርፌ ነው፤ ጫፉ ሲሰበር የሚያቃጥለውን ፈሳሽ ቆዳ ውስጥ ይተዋል። የእጄ ጀርባ እንደ ሽሮ ሲንተከተክ አመሸ። ያ ክፍት ጀርባ ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው፤ በዚያ ሙቀት ዙሪያውን የተዘጋ ጓንት እጅን ያበስላል። ሳማ ባለበት ደጋ ግን ያው ጥቅም ጉዳት ይሆናል።

ግራጫው የላም ቆዳ በየሕንፃ ግንባታው የሚታየው ነው። ወፍራም የከብት ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ለሁለት ይሰነጠቃል። ፀጉር የነበረበት የላይኛው ክፍል ልሙጥና ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን፣ የሥረኛው ሁለቱም ፊቱ እንደ ከፋይ የሻከረ ነው። ርካሹ ጓንት የሚሰፋው ከሥረኛው ነው። ድንጋይ ለመሸከም፣ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ለማጋዝ፣ እሾሃማ ሽቦ ለመወጠር ለዋጋው ወደር አላገኘሁለትም። ነገር ግን ጣት አያጥፍም፤ አጥልቆት ችግኝ የሚተክል ሰው ችግኙን ከአፈሩ ጋር አንድ ላይ ይጨብጠዋል። ውኃም በቶሎ ይጠጣል።

ይህኛው የሞተው በክሩ ነው። ቆዳው ምንም ሳይሆን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ስፌት ተበልቶ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ የቆዳ ጓንት ስገዛ መጀመሪያ የማየው ስፌቱን ነው። ስፌቱ ድርብ ነው ወይ? መዳፍ ላይ ከማረፍ ይልቅ ወደ ጣት ጎንና ጀርባ ዞሯል ወይ? በሁለቱ ጣቶች መካከል ተጨማሪ ቁራጭ ቆዳ ተደርቧል ወይ? እነዚህ ሦስቱ ካሉ፣ ከውፍረቱ ይልቅ በእነርሱ እተማመናለሁ። ሌላ አንድ ጥንድ ደግሞ ያበላሸሁት እኔ ራሴ ነኝ። ዝናብ ያበሰበሰውን ጓንት ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ከከሰል ምድጃው አጠገብ አሳደርኩት፤ ጠዋት ድርቆሽ ሆኖ አገኘሁት። ርጥብ ቆዳ ጣቶቹ ተስበው ቅርጻቸውን እንደያዙ ጥላ ውስጥ ነው የሚደርቀው፤ ከደረቀ በኋላም ትንሽ ቅባት ይፈልጋል።

ፍየሉ ዘንድ ስንደርስ ማድላቴን አልደብቅም። የፍየል ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፤ ሳይሰነጠቅ ከነሙሉ ፊቱ ስለሚሠራ ጥቅጥቅ እንዳለ ይቀራል፤ የተፈጥሮ ቅባትም ስላለው እንደ ላሙ በቶሎ አይደርቅም። የአትክልት መቀስ ይዤበት እቆርጣለሁ፣ ሚስማር አነሣበታለሁ፤ ከዚያው ሳልቀይር ቀጋ እጎትትበታለሁ። እሾህ ፈጽሞ አይገባም ማለቴ አይደለም፤ ቀጥ ብሎ የመጣ እሾህ ይወጋል፤ በጎን የሚቧጭረው ግን ተንሸራትቶ ያልፋል። የቀጋ እሾህ እንደ መንጠቆ የጎበጠ ስለሆነ ጓንቱ ክንድ ላይ የሚደርስ ረጅም እጅጌ ካለው አብዛኛው ጭረት ይቀራል። አጭሩን የገዛ ሰው መዳፉን አድኖ አንጓውን ያስቧጭራል።

የቆዳውን ነገር ካነሣን፣ የኢትዮጵያ የፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ በባቲ ስም፣ የበግ ቆዳው ደግሞ በሰላሌ ስም የታወቀ ነው። እኛ በሁለቱ መካከል ተቀምጠን ከውጭ የገባ የላስቲክ ጓንት መግዛታችን አንዳንዴ ያስቀኛል። ይሁን እንጂ ስሙ ገንኖ የሚሰማው የደጋ በግ ቆዳ የሚፈለገው በልስላሴው ለጌጥና ለጎልፍ መጫወቻ ጓንት ነው። ለካብና ለአጥር በቶሎ ስለሚቀደድ፣ "የበግ ቆዳ ነው፣ እጅ ላይ እንደ ቅቤ ይቀልጣል" የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ አመስግነው ይለፉት።

ቆዳ ያልሆነውን ቆዳ ብሎ የሚሸጥም አለ። አንድ ሱቅ የገዛሁት "የፍየል ቆዳ" በሁለተኛው ሳምንት እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር፤ ከላይ ያለው ፕላስቲክ ሲነሣ ከሥሩ ሽመና ወጣ። አሁን የጓንቱን አፍ ገልብጬ ያልተሰፋውን ጠርዝ አያለሁ። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ የተጠላለፈ ጭረት አለው፤ ሐሰተኛው ግን ስስ ንብርና ጨርቅ ሆኖ ይለያል። ጣት በምራቅ አርጥቦ ሥረኛውን ፊት መንካትም ይረዳል፤ ቆዳ ርጥበቱን ይጠጣል፣ ፕላስቲክ ላዩ ላይ ያቆየዋል።

አንዳንድ ጓንት ጀርባው ላይ መዶሻ የሚመስል ሥዕል ያለበት ጋሻ ታትሞበት፣ ከሥሩ ቁጥሮች ይደረደራሉ። ኢኤን 388 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር መፋተግን፣ ሁለተኛው በስለት መቆረጥን፣ ሦስተኛው መቀደድን፣ አራተኛው መወጋትን የመቋቋም አቅም ያሳያል፤ ከሁለተኛው በቀር ሁሉም ከ1 እስከ 4 ናቸው፣ ሁለተኛው እስከ 5 ይደርሳል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ከተሻሻለ ወዲህ ከኤ እስከ ኤፍ የሆነ የስለት ፊደልም ተጨምሯል። እኛ ድንጋይ ስላለብን የመጀመሪያውን ቁጥር አጥብቀን እንይ፤ 1 ያገኘ ጓንት የቻለው 100 ዙር መፋተግ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ 4 ያገኘው ግን ቢያንስ 8,000 ዙር ችሏል። በአራተኛው ቁጥር ግን አይዘናጉ። መወጋቱ የሚፈተነው 4.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የብረት ዘንግ ነው፤ የቀጋና የአጋም እሾህ ጫፍ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው?

ልክም ጥንካሬ ነው። ሰፊ ጓንት የጣቱ ጫፍ ባዶውን ይተርፍና በድንጋይና በድንጋይ መካከል እየተቆነጠጠ ያልቃል፤ ጠባቡ ደግሞ ስፌቱን ይበጥሳል። መዳፍዎን ከአውራ ጣት በላይ ዙሪያውን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ 20 ሴንቲ ሜትር ግድም ከሆነ ቁጥር 8፣ 23 ከሆነ 9 ነው። ለውርጭ ጠዋት ግን የቆዳ ጓንቱን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ እገዛና ከውስጥ የሱፍ ሹራብ ጓንት እለብሳለሁ። በርኖስና ዝተት የሚሠራበት የመንዝ ሱፍ ጣትንም እንደሚያሞቅ መናገር አያስፈልገኝም።

ሁለት ቦታ ላይ ከአራቱ አንዱንም አላምንም። ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ሲረጭ ቆዳውም ጥጡም መድኃኒቱን ጠጥተው እጅ ላይ ያቆዩታል፤ የተነከረውም ጀርባው ክፍት ነው። ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገው ዙሪያውን ናይትራይል የሆነ፣ ጨርቅ የሌለበት ረጅም ጓንት ነው። ወደ ቆላው ወርደው ቁልቋል የሚቆርጡም ያንኑ ይልበሱ፤ ነጩ ወተት ዓይን ከነካ ክፉ ነው። በሚሽከረከር መሰርሰሪያ ላይ ደግሞ ጓንት ጨርሶ አይለበስም፤ መሽከርከሪያው ጓንቱን ይዞ እጅን ያስከትላል።

አንድ ጥንድ ብቻ መግዛት የሚችል የደጋ ሰው ባለረጅም እጅጌ የፍየል ቆዳ ይግዛ። ዋጋው የተነከረው ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ አይከሰርበትም፤ እኔ አንዱን ፍየል እስክጨርስ አራት የተነከሩ ጥያለሁ። ሁለት ጥንድ የሚችል ናይትራይል ይጨምርና ፍየሉን ከጭቃና ከውኃ ያሳርፈው። ሥራው ካብና ፍልጥ ብቻ ለሆነ ሰው ግራጫው ላም ይበቃዋል። ቆላ ላለ ሰው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ናይትራይሉ ይቀድማል።

ከፊቴ ካሉት መካከል ፍየሉ የመጨረሻው ሟች ነው፤ የተቀደደውም የቀኙ ብቻ ነው። ሁሌም ቀኙ ይቀድማል፤ ቤቴ ውስጥ ደህና ደህና የግራ ጓንት ተከማችቷል። ጎረቤቴ የሆኑትን አዛውንት ጓንት እንዲያጠልቁ ስለምናቸው "ልጄ፣ እጄ ራሱ ቆዳ አይደለም እንዴ?" ይሉኝ ነበር። ባለፈው ጥቅምት የአጥራቸውን ቀጋ ሊከረክሙ ሲነሡ ግን ደጄ መጥተው፣ "ያ የማትፈልገው የግራው ጓንት አሁንም አለ?" አሉኝ። ለካ ግራኝ ናቸው።