ስደተኛን ወስዶ ማስፈር ወይስ ባለበት መርዳት?

አንድ ሀብታም አገር ለስደተኞች ያለበትን ግዴታ ከሚወጣባቸው መንገዶች ሁለቱ ዋነኞች ናቸው፤ ሰዎቹን ወስዶ በራሱ ምድር ማስፈር፣ ወይም ለተጠጉበት ጎረቤት አገር ገንዘብ መላክ።

ገንዘቡ ለብዙ ሰው ይደርሳል። አብዛኞቹ ስደተኞች ከጎረቤት አገር አልፈው አይሄዱም፤ አስተናጋጆቹም በብዛት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ናቸው። አንድን ቤተሰብ ሩቅ ወስዶ ለማቋቋም የሚወጣው ወጪ እዚያ ለብዙ ቤተሰቦች ቀለብ፣ ሕክምናና ትምህርት ይሆናል። ግን እርዳታው በለጋሹ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በጀት ሲቆረጥ የልጆች ራሽን ይቀነሳል፣ ይህን ደግሞ ደጋግመን አይተናል።

ሰፈራ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው፤ በዓመት ከዓለም ስደተኞች 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ለእነሱ ግን ገንዘብ የማይተካውን ይሰጣል፦ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመሥራት መብት፣ ውሎ አድሮም ዜግነት። አሳዳጆቹ ድንበር ተሻግረው የሚፈልጉት ጋዜጠኛ በእርዳታ እህል አይተርፍም።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል፣ ብዙ ነፍስ ስለሚደርስ ገንዘቡን እመርጣለሁ። ፈጽሞ የማልቀበለው ገንዘቡ የበር መዝጊያ ዋጋ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ኅብረት ከቱርክ ጋር ሲስማማ፣ ለስደተኞች ከተመደበው 6 ቢሊዮን ዩሮ ጋር ወደ ግሪክ ደሴቶች የሚሻገሩትን መመለስም አብሮ ነበር። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 33 ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ መመለስን ይከለክላል፤ ውጭ የተላከ እርዳታ ይህን ክልከላ አይሰርዘውም።