አንድ ሲፒዩ በአራት ኮምፒውተር ሂሳብ

ከሜሪላንድ የመጣሁት ለአንድ ወር ነበር። አሥራ ሰባቱን ቀን የበላብኝ መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ለቤተሰቡ ዕቃ ገዝቶ ሊመለስ ያሰበ ግን ይህን አንብቦ ይግዛ።

እህቴ ደብረ ብርሃን ተማሪዎች ታስጠናለች። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ልጆቹ ኪቦርድ ሳይለምዱ እንዳይገቡ ትሰጋለች። ሱቁ አንድ ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ ዋና ሳጥን) ላይ አራት ስክሪን፣ አራት ኪቦርድና ማውስ ገጥሞ አራት ልጅ በየፊናው የሚሠራበትን ሊያዘጋጅልኝ ተስማማን። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ መብራትም ይቆጥባል። 80,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ።

ከዚያ «ነገ» መጣ። «ዕቃው ጉምሩክ ነው።» «ቴክኒሻኑ ለቅሶ ሄዷል።» «መብራት የለም፣ ነገ ጠዋት ይምጡ።» ከእናቴ ጋር ቡና ልጠጣበት አምስት ዓመት የጠበቅኩትን ጊዜ ታክሲ ውስጥና ሱቁ በር ላይ ጨረስኩት። ሜሪላንድ ቢሆን በሁለተኛው ቀን ገንዘቤን ተቀብዬ እወጣ ነበር። እዚህ ቀብዱ አስሮ ያዘኝ።

በመጨረሻ ሂሳቡ ሲመጣ ለእያንዳንዱ ወንበር፣ ማለትም አንድ ልጅ ለሚሠራበት ቦታ፣ 38,000፣ በድምሩ 152,000 ብር። «ሲፒዩው አንድ አይደለም እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው ሻጩ «አራት ሰው ይጠቀምበት የለ!» አለኝ። ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) 8 ጊጋ ብቻ ነው። ዊንዶውሱን ለአራት የሚከፍለው ሶፍትዌር ደግሞ የሙከራ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ደብረ ብርሃን ከደረሰ በኋላ ጊዜው አለቀና ሦስቱ ስክሪኖች ጠቆሩ። ስልክ ብደውል የሚያነሳ የለም።

ያዳነኝ እዚያው ከተማ ጥገና የሚሠራ ወጣት ነው። ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያሠራውን፣ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ጫነ። «ጋሼ፣ በዚህኛው ለእያንዳንዱ ወንበር የራሱ ግራፊክስ ካርድ፣ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል፣ ያስፈልጋል» ብሎ አስረዳኝ። ሲፒዩው ውስጥ ካለው ዋና ቦርድ ጋር አብሮ በመጣው ግራፊክስ ላይ ሁለት ያገለገሉ ካርዶች ጨመረ፤ ሦስት ወንበር ሆነ። የየወንበሩን ኪቦርድና ማውስ በየራሱ ዩኤስቢ ማከፋፈያ ሰክቶ ከካርዱ ጋር አያያዘው፤ የአንዱ ልጅ ጽሑፍ ሌላው ስክሪን ላይ አይገባም። ራሙንም 16 አደረሰው። ሲፒዩው ከተበላሸ ሦስቱም እንደሚቆሙ ሳይደብቅ ነግሮኝ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ (ዩፒኤስ) አስገዛኝ። በማግስቱ አንዱ ልጅ ማጥፊያውን ተጭኖ የሁሉም ሥራ ሲጠፋ፣ ደውለንለት ወዲያው መጣና ቁልፉ ቢነካም እንዳያጠፋ አደረገው። ለእጁ 2,500 ብር ወሰደ፤ ለካርዶቹና ለራሙ ደረሰኝ ሰጠኝ።

እንዲህ ያለ ዕቃ የምትገዙ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ግራፊክስ ካርዱ ስንት እንደሆነ፣ ራሙን፣ የሶፍትዌሩንም ፈቃድ ጠይቁ። ዋጋውንም በወንበር ሳይሆን በዕቃው አስቆጥሩ።

አራተኛው ስክሪን እህቴ ቤት ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ሱቁ ገንዘቤን እስካሁን አልመለሰልኝም።